ከመግደል በፊት መመገብ

ውድ ተማሪ፣

የባዮሎጂ ዲግሪሽን ልትጨርሺ አንድ ሴሚስተር እንደቀረሽና የድድ በሽታ በሚያመጡ ባክቴሪያዎች ላይ መመራመር እንደምትፈልጊ፣ ቤተሰቦችሽ ግን «የጥርስ ሐኪም ካልሆንሽ ማን ያስጠጋሻል?» እንደሚሉሽ ጽፈሽልኛል። የጥርስ ሐኪም መሆን ግዴታ አይደለም፤ በመስኩ በማይክሮባዮሎጂ ብቻ የሠለጠኑ ተመራማሪዎች አሉ። ከሐኪም ጋር ተግባብቶ መሥራት ግን የግድ ነው፤ በጥርስና በድድ መካከል ካለው ኪስ ናሙናውን የሚያወጣው እርሱ ነውና።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። «እነዚህን ጀርሞች የሚያጠፋ ነገር ማግኘት እፈልጋለሁ» ብለሻል። ምኞትሽ መልካም ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የምታሳልፊው እነርሱን ስትመግቢ ነው። ታነሬላ ፎርሲቲያ የተባለውን ባክቴሪያ ተመልከቺ። ስሙን ያገኘው ከተመራማሪዋ ከአን ታነር ነው። ብቻውን ሲዘሩት እድገቱ እጅግ አዝጋሚ ነበር፤ ፉሶባክቴሪየም የተባለ ሌላ የአፍ ባክቴሪያ አጠገቡ ሲዘራ ግን ይፋፋል። ምክንያቱ ቆይቶ ታወቀ፤ ለሕዋስ ግድግዳው የሚያስፈልገውን አሴቲል ሙራሚክ አሲድ ራሱ መሥራት ስለማይችል ከጎረቤቶቹ ይለቅማል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ። የጎረቤት ነገር በዚህ አያበቃም፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ የአይጥ ጥናት ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የተባለው ሌላ የድድ በሽታ ባክቴሪያ በጥቂት ቁጥር ገብቶ የአፍን ተሕዋስያን ሚዛን ሲያናጋና የጥርስ መያዣው አጥንት ሲበላ አሳይቷል። ምንም ሌላ ተሕዋስያን በሌላቸው አይጦች ላይ ግን አጥንቱ አልተነካም። እንግዲህ አንዱን ነጥለሽ ከመምታትሽ በፊት ማኅበሩን ማወቅ አለብሽ።

ማኅበሩ ደግሞ ትዕግሥት ይፈትናል። ኦክስጅን ስለሚገድላቸው እጅሽን በጓንት አስገብተሽ የምትሠሪው በናይትሮጂን፣ በሃይድሮጂንና በካርቦን ዳይኦክሳይድ በተሞላ ዝግ ሣጥን ውስጥ ነው። ጂንጂቫሊስ ደም በተጨመረበት ማሳደጊያ ሳህን ላይ ጥቁር ሆኖ እስኪታይሽ ሳምንትና ከዚያም በላይ ትጠብቂያለሽ። አየር ሾልኮ ከገባ እንደገና ትጀምሪያለሽ።

ስታቲስቲክስንና የዲኤንኤ መረጃ ትንተናን ከአሁኑ ተማሪ፤ ብዙዎቹ የአፍ ባክቴሪያዎች የሚለዩት በዘረመላቸው ነው። ምርምሩ ባይሰምርልሽ እንኳ ይህ ችሎታ የሆስፒታል ላቦራቶሪም ሆነ የመድኃኒት ፋብሪካ የሚፈልገው ነው።

ማመልከቻ ከመጻፍሽ በፊት ግን ኦክስጅን የማይፈልጉ ባክቴሪያዎችን የሚያሳድግ ላቦራቶሪ ፈልገሽ፣ ለአንድ ወር ያለ ክፍያ እንዲያሠሩሽ ጠይቂ። አሥር ቀን የጠበቅሽው ሳህን ባዶ ሆኖ የወጣ ዕለት ምን እንደተሰማሽ ጻፊልኝ፤ ስለ ቀጣዩ ትምህርት ከዚያ እንነጋገራለን።