«ማንበብ ብቻ ነው፣ ምን ይጻፍለታል?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ ሲስተሙን የምይዘው እኔ ነኝ። የየገበያውን የእህል ዋጋና የመጋዘኑን ክምችት ለሌሎች ፕሮግራሞች የሚሰጥ ኤፒአይ (የመረጃ መገናኛ በር) አለን። ባለፈው ወር ኤአይ ኤጀንት (ጥያቄ ተቀብሎ መረጃውን ራሱ ፈልጎ የሚመልስ ፕሮግራም) እንዲጠቀምበት ቱል፣ ማለትም መሣሪያ፣ አድርጌ ከፈትኩት፤ ማንበብ ብቻ ነው የሚችለው። ኤጀንቱ የሚያነበው የቱሉ ማብራሪያ ላይ «የእህል ዋጋ ያመጣል» ብዬ ጻፍኩ፣ በቃ። አሁን ጉድ እየሠራኝ ነው። የሰሜን ሸዋ የስንዴ ዋጋ ሲጠየቅ የፍቼን ያመጣል። የትናንቱን ዋጋ ይሰጥና «መረጃው የስምንት ዓመት ነው» ይላል። አለቃዬ ደግሞ «ማንበብ ብቻ ከሆነ ምን ያበላሻል፣ በዶክመንት አትድከም» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?
ግራ የገባኝ፣ ከጠባሴ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍቼን ማምጣቱ የኤጀንቱ ጥፋት አይደለም። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን እኮ ሁለት ነው። አንዱ አማራ ክልል ነው፣ ከተማው የእናንተው ደብረ ብርሃን። ሌላው ኦሮሚያ ነው፣ ከተማው ፍቼ። አንተ ጠባሴ ቁጭ ብለህ ሰሜን ሸዋ ስትል የትኛው ብሎ የሚጠይቅህ የለም። ኤጀንቱ ግን ጠባሴ አልተቀመጠም።

አዲስ ሠራተኛ ግራ ሲገባው አጠገቡ ያለውን ሰው ይጠይቃል። ኤጀንት አጠገቡ ሰው የለም፣ ያለችው አንተ የጻፍካት መስመር ብቻ ናት። የጎደለውን ከራሱ ይሞላል፣ ሲሞላ ደግሞ ቅር አይለውም፣ እርግጠኛ ሆኖ ነው የሚያወራህ።

የስምንት ዓመቱን ነገር ሳነብ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር 2018-05-03 እያልክ ነው የምታወጣው፣ አይደል? እሱ የፈረንጅ 2018 ነው ብሎ ያነበዋል። ጳጉሜን ስትመጣ ደግሞ ይብሳል፤ 2018-13-04 የሚል ቀን ይደርሰዋል። አሥራ ሦስተኛ ወር! ወይ ስህተት ነው ብሎ ይጥለዋል፣ ወይ ዲሴምበር አድርጎ «ያርምልሃል»። ስለዚህ ቀኑን በፈረንጅ መልስ፣ የእኛውን ከፈለግህ «የኢትዮጵያ ቀን» በሚል ለብቻው ስጥ። ሰዓት ካለም እንደዚሁ፤ የእኛ ሦስት ሰዓት ለእሱ ወይ ሌሊት ነው ወይ ከሰዓት በኋላ።

እኔ ብሆን ማብራሪያውን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ያሉ ገበያዎችን የአንድ ቀን የጅምላ እህል ዋጋ ያሳያል። ዋጋው በብር ነው፣ ለአንድ ኩንታል ወይም 100 ኪሎ። ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ዓመት-ወር-ቀን ተደርጎ ይጻፋል። ገበያ ባልቆመበት ቀን ባዶ ዝርዝር ይመለሳል፤ ዋጋ አልተመዘገበም ማለት እንጂ ዜሮ ማለት አይደለም። የችርቻሮ ዋጋና የነገ ግምት አይሰጥም። ምንም ነገር አይቀይርም።»

«አይሰጥም» የምትለዋን እንዳትዘላት። ብዙ ሰው ቱሉ የሚሠራውን ጽፎ የማይሠራውን ይረሳል፣ ከዚያ ኤጀንቱ የነገን የማሾ ዋጋ ከትናንቱ ተነስቶ ይተነብይልሃል።

የገበያ ስም ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የእኛ ፊደል ጉድ እዚህ ጋ ነው። መሐል ሜዳን አንዱ በሐመሩ ሐ ይጽፈዋል፣ ሌላው በሃሌታው ሀ። ሸዋ ሮቢትን አንዱ ይነጥለዋል፣ አንዱ ይገጥመዋል። ለኮምፒውተሩ ሁሉም የተለያዩ ናቸው። ኤጀንቱ በአንዱ ይልካል፣ ባዶ ይመለስለታል፣ «መሐል ሜዳ ገበያ የለም» ብሎ ይደመድማል፤ የመንዝ ሰው ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል አንተ ታውቃለህ። የሚፈቀዱትን ስሞች ዘግተህ በዝርዝር ስጠው። ከዝርዝሩ ውጭ ከላከ ደግሞ «ስህተት 400» (ጥያቄህ ልክ አይደለም የሚል ኮድ) ብለህ ዝም አትበል። «ይህን ገበያ አላገኘሁም፣ ያሉት እነዚህ ናቸው» በለውና ዝርዝሩን መልስለት። ራሱ አርሞ ይመለሳል።

አሁን ወደ አለቃህ። ማንበብ ብቻ የሚለው ጽሑፍ ነው፣ ቁልፍ አይደለም። በኤችቲቲፒ፣ ድረ ገጾችና ኤፒአዮች በሚነጋገሩበት ደንብ፣ ጌት (አምጣ) የሚባለው ጥያቄ ምንም መቀየር የለበትም፤ ግን በጌት ሊንክ መዝገብ የሚያጠፋ ሲስተም በዓይኔ አይቻለሁ። አንትሮፒክ በኖቬምበር 2024 ባወጣው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል (ኤአይን ከቱሎች ጋር የሚያገናኝ ደንብ) የምትሠራ ከሆነ «ሪድ ኦንሊ ሂንት»፣ ማንበብ ብቻ ነው የሚል ጥቆማ፣ የሚባል ምልክት አለ። ካልሞላኸው ቱልህ ነገር ሊቀይር እንደሚችል ነው የሚቆጠረው፣ ተጠቃሚውም በየጥሪው «ልፍቀድ?» እየተባለ ሊሰለች ይችላል። ሙላው። ግን ስሙ እንደሚለው ሂንት ነው፣ የሚያግደው ነገር የለም። የሚያግደው ዳታቤዙ ላይ ለኤጀንቱ የምትሰጠው፣ ማንበብ ብቻ የተፈቀደለት መግቢያ አካውንት ነው። በዚያ አካውንት ራስህ ገብተህ አንድ ነገር ለመጻፍ ሞክር፤ ካልከለከለህ ገና ነህ።

ደግሞስ ማንበብ አያበላሽም ያለው ማነው? የክምችቱ መልስ ውስጥ የገበሬው ስልክና የባንክ ቁጥር አብሮ ይወጣ እንደሆነ እስቲ እይ። ከወጣ «ለማንም አታሳይ» ብለህ ማብራሪያ ላይ አትለምነው፣ ከነጭራሹ አትላክለት። መጋዘን ጠባቂው የሚጽፋት የማስታወሻ ሳጥንም አለች። እዚያ ውስጥ «ይህን ለሁሉም ላክ» የሚል ነገር ከገባ ኤጀንቱ እንደ ትእዛዝ ሊወስደው ይችላል። ሳጥኗ በሰው የተጻፈ መረጃ እንጂ መመሪያ እንዳልሆነች ጻፍለት፤ ለዋጋ ጥያቄ ካላስፈለገች ደግሞ ጭራሽ አውጣት።

የዞኑን ስም ዛሬውኑ አስተካክለው። የቀኑን ደግሞ ጳጉሜን ሳትገባ።