ድባቴ፣ ጭንቀትና ተመላላሽ ህክምና፦ ከደሴ ጠይቁኝ

ደሴ ውስጥ በአዕምሮ ህክምና ተመላላሽ ክፍል ነርስ ነኝ። ዛሬ ማታ ተረኛ አይደለሁም፤ የምችለውን ልመልስ። ስም አትጻፉ፣ ሰፈር ይበቃል።

ከፒያሳ፦ ሁላችንም ይደብረን የለ እንዴ? በሽታ የሚባለው መቼ ነው?

ክረምት የጦሳን ተራራ ጉም ሲሸፍነው እኔም ይደብረኛል። ጎረቤት ቡና ከጠራችኝ ግን ይለቀኛል። ድባቴ በቡና አይለቅም። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ አብዛኛውን ቀን፣ መከፋት ወይም የሚወዱት ነገር ሁሉ ማስጠላት ካለ ልብ በሉ። በዚያ ላይ እንቅልፍ ሲዛባ፣ ምግብ አልወርድ ሲል፣ ጉልበት ሲከዳ፣ «ለምንም አልረባም» የሚል ሐሳብ ሲመላለስ መታየት ያስፈልጋል። 9 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለን፤ ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣን ሰው ጠለቅ አድርገን እናየዋለን እንጂ በነጥብ ብቻ በሽተኛ አንለውም።

ከኮምቦልቻ፦ እናቴ ሁለት ዓመት ጨጓራ ታከመች። ምርመራው ሁሉ ንጹህ ነው። «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል» ትላለች። ግን አታለቅስም፣ አታዝንም። ልጇ ነኝ፣ ምን ላድርግ?

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እኛ ጋ «ከፋኝ» ብሎ ካርድ የሚያወጣ ሰው ጥቂት ነው። የሚመጣው በራስ ምታት፣ በትከሻ፣ በጨጓራ ነው። ማስመሰል አይደለም ወንድሜ፣ ህመሙ እውነት ነው። «ይከፋሻል ወይ?» ብትላቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ምን ጎደለኝ» ይሉሃል። ይልቅ «ሌሊት ስንት ሰዓት ትነቂያለሽ? ጎረቤት ቡና መሄድ የተውሽው መቼ ነው?» በላቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅተው ጣራ እያዩ የሚያነጉ ከሆነ፣ ሰርግም ለቅሶም ከቀሩ፣ ድባቴ ሊሆን ይችላል። የደም ማነስና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራም ይታዘዝላቸው፤ ሁለቱም ድባቴን ይመስላሉ።

ከሆጤ፦ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ሚኒባስ ውስጥ ልቤ ሊወጣ ይደርሳል። እጄ ይደነዝዛል፣ የምሞት ይመስለኛል። የልብ ምርመራው ደህና ነው ተባልኩ። አሁን ኮምቦልቻ መሄድ ትቻለሁ።

ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና ይበርዳል። ሲመጣ አየሩን ከምታስገባበት በረዘመ ጊዜ ቀስ ብለህ አስወጣ። ችግሩ መንገዱን መተውህ ነው፤ በሸሸኸው ቁጥር ፍርሃቱ ይደልባል። በምክክር ህክምና የምንሠራው ቀስ በቀስ መመለስን ነው፦ አንድ ቀን መናኸሪያ ድረስ፣ ሌላ ቀን ግማሽ መንገድ። ደግሞ ሳልጠይቅህ አላልፍም፤ ትቅማለህ? ጫትም ብዙ ቡናም ልብ ያስሮጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል።

ከሰኞ ገበያ፦ የት ልሂድ? ሰው ካየኝ እብድ ይለኛል።

ከጤና ጣቢያ ጀምሪ እህቴ። ጤና መድን ካለሽ የሪፈር ወረቀት ከዚያ መያዝ አለብሽ፤ ዝም ብለሽ ሆስፒታል ከሄድሽ ከኪስሽ ልትከፍዪ ትችያለሽ። ደሴ ላይ ብዙዎቻችን እስካሁን «ሪፈራል» የምንለው ሆስፒታል የአዕምሮ ህክምና ክፍል አለው። ተመላላሽ ማለት ካርድ አውጥተሽ፣ ተነጋግረሽ፣ ቀጠሮ ይዘሽ ቤትሽ መግባት ነው። ወረፋው ላይ ጎረቤትሽን ካገኘሽ አትደንግጪ፤ እሷም አንቺን ስታይ ደንግጣለች።

ክኒኑ ሱስ ያስይዛል ይባላል?

ለድባቴ የሚሰጡት፣ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉት፣ ሱስ አያስይዙም። ሱስ የሚያስይዘው ሰው ከፋርማሲ ለእንቅልፍ የሚለምነው ዲያዜፓም ነው! ፍሉኦክሰቲን ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል። በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብላችሁ አትጣሉት። ከተሻላችሁም በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል፤ የሚቆመውም በሐኪም ምክር ቀስ እየተባለ ነው።

ጠበል ወይስ ሐኪም? ዱዓስ?

ሁለቱንም። ብቻ ክኒኑን አታቋርጡ።

ጓደኛዬ «መኖር ሰልችቶኛል» እያለ ነው። ብጠይቀው ሐሳቡን አላስገባበትም?

አታስገባበትም። በቀጥታ ጠይቀው፦ «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» በለው። አዎ ካለህ አትቆጣው፣ አትምከረው፣ ስማው። ቤት ያለ መድኃኒትና የተባይ መርዝ ከእጁ ይራቅ። ቀጠሮ አትጠብቁ፤ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ክፍት ነው። ዛሬ ማታ ብቻውን አይደር።