መልስ፦ የአባትሽ ሲቲ ስካን (የጭንቅላት ውስጥ የራጅ ምስል) ንጹህ ነው ሲሉ ስትሮክ (የአንጎል ደም ስር ሲዘጋ ወይም ሲፈስ የሚመጣ ጉዳት) የለም ማለት ነው ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው፦
አይደለም። ሲቲው መጀመሪያ የሚነሳው ጭንቅላት ውስጥ ደም ፈሷል ወይ የሚለውን ለመለየት ነው፣ የደም ስሩ በረጋ ደም ተዘግቶ ከሆነ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙ ጊዜ ምንም ላያሳይ ይችላል። እንደውም ደም አለመፍሰሱ ሲረጋገጥ ነው የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድሃኒት የሚሰጠው፣ እሱም በአብዛኛው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ።

አባትሽ ከእንቅልፉ ሲነሳ ነው እጁ አልንቀሳቀስ ያለው ካልሽ መቼ እንደጀመረው አይታወቅም፣ ስለዚህ አሁኑኑ ሐኪሙን እነዚህን ጠይቂ፦

1. ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የአንጎል ምስል) ይነሳለት ወይ? ጉዳቱ ገና የሰዓታት መሆኑን ካሳየ መድሃኒቱን ሊያገኝ ይችላል።

2. ቀለም ተሰጥቶት የደም ስሩ በሲቲ ታይቷል ወይ? ትልቅ ስር ከተዘጋና ምስሉ ገና የሚተርፍ የአንጎል ክፍል እንዳለ ካሳየ፣ የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ስቦ ማውጣት ለአንዳንድ ታካሚ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡ ጥናቶች ናቸው ይሄን ያረጋገጡት። የሚሠራበት ቦታ ጥቂት ስለሆነ ሪፈር ካስፈለገ ቶሎ ይጻፍላችሁ።

አንድ ነገር አደራ፣ ሐኪም ሳያዝ አስፕሪን እንዳትሰጡት። እኛ አጎቴን ይጠቅመዋል ብለን ቤት ሰጠነው፣ ሆስፒታል ደርሶ ሲቲ ሲነሳ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ተገኘ።