«ብልጭታ»፣ «ቅስት» ወይስ «አርክ»?

ጥያቄ፦ የፕላዝማ (እጅግ የጋለ፣ ኮረንቲ የሚያስተላልፍ ጋዝ) መቁረጫ ማሽንና ዱቄት አቅልጦ የሚረጭ የፕላዝማ መርጫ ቶርች መመሪያ ወደ አማርኛ እየመለስን ነው። በኤሌክትሮዱና በኖዝሉ (ጋዙ በሚወጣበት አፍ) መካከል የሚበራውን ነገር አንዳችን «ብልጭታ»፣ ሌላችን «ቅስት» አልነው፤ በያጆቹ ግን «አርክ» ነው የሚሉት። የቱን እንያዝ? «ሪስትራይክ»ን «ዳግም መለኮስ»፣ «ደብል አርክ»ን «ድርብ ቅስት» ብለነዋል፤ ያስኬዳል ወይ?

መልስ፦ «ብልጭታ»ን ለአንድ ነገር ብቻ አስቀሩት፤ ለማስነሻው። ብልጭ ያለ ነገር ወዲያው ድርግም ይላል፤ ቃሉ ቅጽበትን በውስጡ ይዟል። በብዙ ቶርቾች ማስነሻው ሲጫን ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው ብልጭታ ጋዙን ሰንጥቆ ለኮረንቲ መንገድ ይከፍታል። በሌሎቹ ደግሞ ኤሌክትሮዱና ኖዝሉ ተነካክተው ሲላቀቁ ነው መንገዱ የሚከፈተው። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ሳይቋረጥ የሚፈሰውና ጋዙን ከ10,000 ዲግሪ በላይ የሚያግለው ሌላ ነገር ነው። እሱን «ቅስት» በሉት።

«ቅስት» የተገባ ስም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሃምፍሪ ዴቪ በሁለት አግድም የከሰል ዘንጎች መካከል ኮረንቲ ሲያሳልፍ የጋለው አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ብርሃኑ እንደ ደጋን ጎበጠ፤ የእንግሊዝኛው «አርክ» የመጣው ከዚሁ መጉበጥ ነው። የእኛም ቃል ከዚያው ሥዕል ይነሣል። በግዕዝ «ቀስት» ደጋኑ ራሱ ነው፤ «ቀስተ ደመና» የሚለው ስም ይህን ትርጉም እስካሁን ጠብቆታል። ዛሬ «ቀስትና ደጋን» ስንል ግን ቀስት የምንለው የሚወረወረውን ነው፣ ጎባጣው ደጋን ሆኗል። «ቅስት» በጂኦሜትሪም በበርና በመስኮት አናትም ጉብጠቱን እንደያዘ ስለቀረ ከ«ቀስት» ይልቅ እሱን መምረጣችሁ ልክ ነው። በያጆቹ የሚሉትን «አርክ» አታሳድዱት፤ መመሪያው መጀመሪያ ላይ «ቅስት (አርክ)» ብላችሁ ከዚያ ወዲያ በ«ቅስት» ቀጥሉ።

ከስሙ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ግሱ ነው። ቅስት ይለኮሳል፣ ይበራል፣ ይጠፋል። «ይቃጠላል» አትበሉ፤ አርጎን በሚባለው የማይቃጠል ጋዝ ውስጥ የሚቃጠል ነገር የለም። «ተቃጠለ» የሚለው ለኖዝሉ ይቆይ፤ ሠራተኛው «ኖዝሉ ተቃጠለ» ሲል አንድ የተወሰነ ጉዳት ማለቱ ነውና ሁለቱ መደባለቅ የለባቸውም።

አሁን ወደ «ዳግም መለኮስ»። ይህ ትርጉም ቃል በቃል ትክክል ነው፤ በሥራ ላይ ግን ሰው ያሳስታል። የመርጫውን ቶርች ውስጥ እንመልከት። መሐል ላይ ጫፉ የሾለ የተንግስተን ካቶድ (አሉታዊው ኤሌክትሮድ) አለ፤ ዙሪያውን በውሃ የሚቀዘቅዝ የመዳብ አኖድ (አዎንታዊው ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ኖዝሉ) ከብቦታል። የቅስቱ አንዱ ጫፍ ካቶዱ ላይ ይቆማል፤ ሌላውን ጫፍ፣ አኖዱን የሚነካውን፣ «እግር» ብንለው ጥሩ ነው። የሚገፋው ጋዝ እግሩን በመዳቡ ግድግዳ ላይ ወደ መውጫው ያንሸራትተዋል። እግሩ በራቀ ቁጥር ቅስቱ ይረዝማል፣ ቮልቴጁም ይወጣል። በቅስቱና በግድግዳው መካከል ያለው ቀዝቃዛ የጋዝ ሽፋን ያን ቮልቴጅ መቋቋም ሲያቅተው ይሰነጠቅና ወደ ኋላ፣ ለካቶዱ ቀረብ ያለ ቦታ ላይ አዲስ እግር ይተከላል፤ አሮጌው ይከስማል። ቮልቴጁ ድንገት ይወርዳል፤ ከዚያ እንደገና መውጣት ይጀምራል። በመለኪያ ሲታይ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል፤ ይህም በሰከንድ በሺዎች ጊዜ ይደጋገማል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ቅስቱ አንድም ጊዜ አልጠፋም! ያልጠፋ ነገር ደግሞ «ዳግም» አይለኮስም። «ቅስቱ ዳግም ይለኮሳል» የሚለውን ያነበበ ቴክኒሻን ጉድለቱን በማስነሻው ላይ ሲፈልግ ይውላል፤ ማየት ያለበት ግን የጋዙን ዓይነትና መጠን፣ ኮረንቲውንና የአኖዱን ግድግዳ ነው። ስለዚህ «የእግር ዝላይ» ብትሉት እመርጣለሁ። ይህ ስም ምክንያቱንም ለማስረዳት ይመቻል፦ በአርጎን ብቻ ሲሠራ እግሩ ረጋ ይላል፤ ናይትሮጅን ወይም ሃይድሮጅን ሲጨመር ዝላዩ ይሰፋል። ዝላዩ ሲበዛ የሚወጣው ነበልባል ስለሚዋዥቅ ዱቄቱ እኩል አይቀልጥም። እግሩ ፈጽሞ አንድ ቦታ ከቆመ ደግሞ መዳቡ እዚያው ይቦረቦራል።

«ድርብ ቅስት» ሌላ ችግር አለበት። «ድርብ» ሲባል አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ፣ ጎን ለጎን የሚሄድ ይመስላል። በመቁረጫው ላይ የሚሆነው ግን ይህ አይደለም። በጤናው ጊዜ ቅስቱ ከኤሌክትሮዱ ተነሥቶ የኖዝሉን ቀዳዳ ሳይነካ ወደ ብረቱ ያልፋል፤ ከኖዝሉ የሚለየው ስስ የቀዝቃዛ ጋዝ ሽፋን ነው። ጋዙ ሲያንስ፣ ለ40 አምፔር በተሠራ ኖዝል 60 አምፔር ሲለቀቅ፣ ወይም ብረቱ በጣም ተጠግቶ ሲበሳና የቀለጠው ፍንጣሪ ኖዝሉ ላይ ሲለጠፍ ሽፋኑ ይሸነፋል። ያኔ ቅስቱ ለሁለት ይሰበራል፤ አንዱ ከኤሌክትሮዱ ወደ ኖዝሉ፣ ሌላው ከኖዝሉ ወደ ብረቱ። ኮረንቲው በመዳቡ ውስጥ ዞሮ ሄደ ማለት ነው። መዳብ በ1,085 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀልጥ ክቡ ቀዳዳ ወዲያው ይሞላለላል፣ ቁርጡም ይዘማል። ስለዚህ «ድርብ ቅስት ተፈጠረ» ከማለት «ቅስቱ ተሰብሮ በኖዝሉ በኩል ዞረ» በሉ። ረዘም ይላል፣ ግን ያነበበው ሰው የቱን ዕቃ ፈትቶ እንደሚያይ ያውቃል።

«ቶርች»ን እንዳለ ተዉት። «ችቦ» የደመራን እሳት ያስታውሳል፤ «ባትሪ» ደግሞ የእጅ መብራት ነው።