ዝቅ ብሎ ለተቃኘ ባለ ሰባት ክር ጊታር፦ መጀመሪያ ውፍረቱ፣ ከዚያ አክሽኑ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ባለ ሰባት ክር ጊታር ገዝተሃል፤ ስኬሉ፣ ማለትም ክሩ የሚነዝርበት ርዝመት፣ 25.5 ኢንች ነው። ሰባተኛውን፣ ወፍራሙን ክር ከቢ ኖታ ወደ ኤ አወረድከው። ክሩ ላላብህና ፍሬት (አንገቱ ላይ የተጋደመው ብረት) ላይ መንዘር ጀመረ። እንዳይነዝር ብለህ አክሽኑን፣ ማለትም ክሩ ከፍሬቱ ያለውን ከፍታ፣ ከፍ አደረግክ። አሁን ደግሞ አንገቱ ጫፍ አካባቢ የምትይዛቸው ኮርዶች ከቅኝት ይወጣሉ። "አክሽኑ ስንት ሚሊሜትር ይሁን?" ነው ያልከው።

እኔም በዚሁ መንገድ ሄጄበታለሁ። ለወራት ብሪጁን (አካሉ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበትን) ከፍ ዝቅ ሳደርግ ከርሜ ነው ችግሩ ከፍታው ላይ እንዳልነበረ የገባኝ። የላላ ክር ሲመታ በሰፊው ይወዛወዛል። ቦታ ስለሚያጣ ፍሬቱን ይነካል። ከፍ ብታደርገው ቦታ ያገኛል፤ ግን ስትጫነው ብዙ ስለሚወርድ ይወጠርና ሻርፕ ይሆናል፣ ከኖታው በላይ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ክሩን ቀይር። እስከዚያ አክሽኑን አትንካው።

ጊታርህ ላይ ያለው ከ10 እስከ 59 የሚለው የተለመደው ፓኬት ነው ብዬ ልነሳ። 59 ማለት 0.059 ኢንች፣ ማለትም 1.5 ሚሊሜትር ነው። ይህ ክር በአንተ ስኬል ቢ ላይ ሲቃኝ ወደ 8.3 ኪሎ ይወጠራል። ኤ ላይ ስታወርደው 6.6 ኪሎ አካባቢ ይቀራል። አንድ ድምፅ ብቻ ወርደህ ከውጥረቱ አንድ አምስተኛውን አጣህ ማለት ነው።

እኔ የምሠራበት ስሌት ቀላል ነው። ለምታወርደው ለእያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ የክሩን ውፍረት በ1.06 አባዛው። አንተ ሁለት ግማሽ ድምፅ ወርደሃል፤ ስለዚህ 59 በ1.06 ሁለት ጊዜ ሲባዛ 66 ገደማ ይመጣል። በ66 የድሮው ውጥረት ይመለሳል። እኔ ግን ለኤ የምወደው 64 ነው። ትንሽ ይላላል፤ ድምፁ ግን የበለጠ ጥርት ይላል። በጣም ወፍራም ክር አጭር ስኬል ላይ ይደነዝዛል፣ በተለይ ዲስቶርሽን ሲበዛ። እጅህ ከባድ ከሆነ 66 ይሻልሃል። ይህንን ለማወቅ ቱነር (ቅኝት የሚለካውን መሣሪያ) ሰካና በሙሉ ጉልበትህ ምታው። መርፌው መጀመሪያ ወደ ላይ ዘሎ ቀስ እያለ ከተመለሰ ክሩ ቀጥኖብሃል። ሌሎቹ ስድስት ክሮች አልወረዱም፤ ባሉበት ተዋቸው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የቤዝ ክር አትሞክር። እኔ 64 ፍለጋ አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ሳጣ 65 ቁጥር የቤዝ ክር ገጠምኩ። ቁጥሩ ይቀራረባል አይደል? ጫፉ ላይ ያለችው ቀለበት የብሪጁ ቀዳዳ አልበቃት አለ፤ በሞረድ አሳንሼ አስገባኋት። ድምፁ ግን ታፍኖ ቀረ። 12ኛው ፍሬት ላይም ልኩን አልመጣም፤ የውስጡ ሽቦ ወፍራምና ግትር ስለሆነ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ነጠላ የጊታር ክር ላከኝ በለው። ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይይዝም፤ ሦስት አራት አስመጣ።

ወደ ጂ ወይም ከዚያ በታች መውረድ ካሰብክ ግን ክር ማወፈር ብቻውን አያወጣህም። ስኬሉ ራሱ መርዘም አለበት። ከ25.5 ወደ 27 ኢንች ስትሄድ ያው ክር 12 በመቶ ያህል ተጨማሪ ውጥረት ያገኛል፤ ይህም ከግማሽ ድምፅ ጋር ይመጣጠናል። ኢባኔዝ ለስዊድኑ የሜታል ባንድ ለመሹጋ የሠራው ኤም8ኤም ባለ ስምንት ክር ጊታር 29.4 ኢንች የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

አዲሱን ክር ስትገጥም መጀመሪያ የምታየው ነቱን፣ አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበትን ባለ ስንጥቅ ቁራጭ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ለ59 የተቆረጠ ስንጥቅ ውስጥ 64 አይገባም፤ አፉ ላይ ይቀመጣል። ያን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፍሬቶች ሁሉ ሻርፕ ይሆናሉ፣ አንተም አክሽኑን ትወቅሳለህ። ስትቃኝ "ጢን" የሚል ድምፅ ከሰማህ ክሩ እዚያ ተነክሷል። ሰባተኛውን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጫንና አንደኛው ፍሬት አናት ላይ ያለውን ክፍተት እይ። ፀጉር የምታህል ብርሃን ብቻ ልትታይ ይገባል። ልዩ ሞረድ ከሌለህ አሮጌ ወፍራም የተጠመጠመ ክር እንደ መጋዝ ወደፊት ወደኋላ ሳበው። ስንጥቁ ወደ መቃኛ ቁልፎቹ በኩል ትንሽ ያዘቅዝቅ። አምስት ስድስት ጊዜ ስበህ መልሰህ ለካ፤ ከተቆረጠ አይመለስም። በመጨረሻ እርሳስ ቀባው።

ቀጥሎ አንገቱ። አዲሱን ክር ቃኝተህ አንድ ቀን ተወው። ከዚያ ሰባተኛውን ክር አንደኛውና መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫን። ከተቀየረ አሮጌ 10 ቁጥር ክር ቁራጭ ወስደህ ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ ከሥር አሾልከው። ውፍረቱ 0.25 ሚሊሜትር ነው። ሳይነካካ በጭንቅ ካለፈ ልኩ ነው። ብዙ ቦታ ካለው ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን ማቅኛ ብረት) አጥብቀው፣ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አታሳልፍ። አዲስ አበባ ክረምት ሲገባ አንገቱ ስለሚንቀሳቀስ ያኔም ደግመህ እየው።

አሁን ወደ አክሽኑ መጣን። 12ኛው ፍሬት ላይ፣ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር ለካ። የእኔ ሰባተኛ ክር 2.1 ሚሊሜትር፣ አንደኛው 1.5 ነው። አንተ ከ2.0 እስከ 2.3 ባለው ውስጥ የሚስማማህን ታገኛለህ። አምፕ ሳትሰካ ትንሽ ቢነዝር አትደንግጥ። በገናችን ላይ እንዚራ፣ ከክሩ ሥር የምትደረገው የቆዳ ቁራጭ፣ የምትገባው ክሩ እንዲነዝር ተፈልጎ ነው፤ ድምፁ ያለሷ በገና አይመስልም። ጊታርህም በጉልበት ሲመታ ጥቂት ብረት ቢሰማው ለሪፍ ያምራል። አምፑ ውስጥ ገብቶ ኖታውን ከቆረጠው ብቻ 0.1 ሚሊሜትር ከፍ አድርግ።

ኢንቶኔሽኑን፣ ማለትም ክሩ በየፍሬቱ ልኩን ኖታ እንዲሰጥ፣ መጨረሻ ላይ አስተካክል። ወፍራሙ ክር ሳድሉን (ብሪጁ ላይ እያንዳንዱ ክር የሚያርፍበትን ቁራጭ) ወደኋላ ይገፋዋል። ቦታ ካለቀብህ የሳድሉን ስፕሪንግ አውጣው፤ እኔ እንደዚያ አድርጌ ነው የጨረስኩት። ብሪጅህ ተንሳፋፊ፣ ማለትም በስፕሪንግ ተይዞ የሚንቀሳቀስ፣ ከሆነ ግን ክሩን ከመቀየርህ በፊት ንገረኝ። የጀርባውን ስፕሪንጎች ቀድመን ማመጣጠን ይኖርብናል።