መልስ፦ የወይን ቅምሻው ከእግር ጉዞው በኋላ ይሁን

የእግር ጉዞና የወይን ቅምሻ ባለው የቡድን ጉዞዎ፣ 15 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 900 ሜትር ሽቅብ ያለው የመጀመሪያ ቀን መንገድ ቡድንዎን ስንት ሰዓት እንደሚወስድበት ለጠየቁት፣ ዕረፍት ሳይጨመር አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይያዙ። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት መሠረት ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ሽቅቡ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይታሰባል። ይህ ግን ለብርቱ ተጓዥ ነው፤ ቡድን የሚራመደው በቀርፋፋው አባል እርምጃ ስለሆነና ጫማ ለማሰር፣ ውኃ ለመቅዳት፣ ፎቶ ለማንሳት የሚቆመው ሁሉ ስለሚደመር፣ ስድስት ሰዓት ቢመድቡ ይሻላል።

የወይን ቅምሻው እኩለ ቀን ላይ ከተያዘ ግን የጉዞው አዘጋጅ ወደ ማምሻው እንዲያዛውርልዎ ይጠይቁ። አልኮል ሽንት ስለሚያበዛ በላብ የሚወጣውን ውኃ መተካት ያስቸግራል፤ ከዚያም በላይ፣ ከሁለት ብርጭቆ በኋላ ጠጠር በሚንሸራተትበት ቁልቁለት ላይ ቁርጭምጭሚት ሲጠመዘዝ አይቻለሁ።