በእጅ የሚያዝ የምርመራ መሣሪያ ለምትሠሩ ወጣቶች

ልጆቼ፣ በተለይ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያላችሁ፣ ለመመረቂያ የጣት ኦክስጅን መለኪያ ሠርታችሁ ውጤቱን በሞባይል መስመር ለጤና ጣቢያ መላክ ስትፈልጉ ደስ ይለኛል። ብዙዎቻችሁ ግን የምትጨነቁት ቁጥሩ እንዴት እንደሚላክ ነው። እኔ የምላችሁ፣ መሣሪያው መጀመሪያ «አልለካሁም» ማለት ይልመድ።

መለኪያው 660 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ቀይ ብርሃንና ከ880 እስከ 940 ያለ ኢንፍራሬድ በጣት ላይ ያበራል። የሁለቱ የልብ ምት ሞገድ፣ እያንዳንዱ ለማይለዋወጠው ብርሃኑ ተካፍሎ ሲነጻጸር፣ አንድ ሬሾ ይወጣል። ከዚህ ሬሾ የደሙን ኦክስጅን በመቶኛ ለማስላት ኢንተርኔት ላይ ሁሉም የሚገለብጠው ቀመር «110 ሲቀነስ 25 ጊዜ ሬሾው» ይላል። ታካሚው እጁ ሲንቀጠቀጥ እንቅስቃሴው ሁለቱንም ብርሃን እኩል ያናውጣል፣ ሬሾው ወደ 1 ይጠጋል፣ ስክሪኑም 85 ይላል። 85 እውነት ቢሆን በሽተኛው በአስቸኳይ ሪፈር የሚጻፍለት ነው። የደሴ ጠዋት ያደነዘዘው ጣትም ያው ነው፤ ደም በደንብ ስለማይዳረስበት ሞገዱ ከጠቅላላው ብርሃን እጅግ ትንሽ ክፋይ ብቻ ይሆንና የምታነቡት ኖይዝ፣ ማለትም ትርጉም የሌለው ሁካታ፣ ይሆናል። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት የሞገዱን ጥንካሬ አስሉ፤ ደካማ ከሆነ ቁጥር አታሳዩ። «ስህተት 03» ብላችሁም አትጻፉ፤ ማንም አይገባውም። «አልተለካም። ጣት ቀዝቅዟል፤ አሙቀው ይድገሙ» በሉ። የፀሐይ ብርሃን እንዳያሳስታችሁ ደግሞ ኤልኢዲዎቹ፣ ማለትም የመለኪያው መብራቶች፣ ጠፍተው ሳለ የሚገባውን ብርሃን ለክታችሁ ቀንሱት።

ያ ቀመር ለሠርቶ ማሳያ እንጂ ለሕክምና አይሆንም። ትክክለኛው ካሊብሬሽን፣ ማለትም ንባቡን ከእውነተኛው ልክ ጋር ማስማማት፣ በጎ ፈቃደኞች ኦክስጅናቸው በቁጥጥር ሥር እየቀነሰ፣ ከደም ወሳጅ ቧንቧ ከሚቀዳ ናሙና ጋር እየተመሳከረ ነው የሚሠራው፤ በኮሌጅ ላቦራቶሪ የሚሞከር ነገር አይደለም። ፈቃድ ያለው የሴንሰር ሞጁል ግዙና ጉልበታችሁን ስክሪኑ፣ ባትሪውና መልእክቱ ላይ አውሉት። ይህ ስንፍና የሚመስለው መምህር ካለ ተከራከሩት። ስትገዙ ጥቁር ቆዳ ላይ መፈተኑን ጠይቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት መለኪያዎቹ ጥቁር ታካሚዎች ላይ ከእውነተኛው አብልጠው ሊያነቡ እንደሚችሉ አሳይቷል። እንሶስላና ሂና የጠገበ ጥፍርም ከፈተናችሁ አይቅር።

ከፍታውን አትርሱ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 አካባቢ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት ሲወጡ አየሩ ይሳሳል፣ የጤነኛ ሰው ንባብም ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። የማንቂያውን ወሰን ከውጭ መመሪያ ገልብጣችሁ ኮዱ ውስጥ አትቸንክሩ፤ ደሴ ካምፓስ ያሉትን የሕክምና ልጆች አማክሩ፣ በሴቲንግ የሚቀየርም ይሁን።

ወደ መላኩ ስንመጣ፣ ብዙ ፕሮጀክት የሚወድቀው በኃይል ነው። ሲም 800 ኤል የተባለው የሞባይል መስመር ሞጁል ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። ኢኤስፒ 32 በተባለው የመቆጣጠሪያ ቦርድ ላይ ካለው 3.3 ቮልት ካሰራችሁት፣ ልክ ሊልክ ሲል ሪሴት ያደርጋል፤ እናንተም ጥፋት የሌለበትን ኮድ ስትፈትሹ ታድራላችሁ። በቀጥታ ከሊቲየም ባትሪው አገናኙት፣ 1,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሞጁሉ እግር ሥር በይዱ፣ ሽቦው አጭርና ወፍራም ይሁን።

ኔትወርክ ይጠፋል ብላችሁ ተነሡ። ውጤቱ መጀመሪያ ፍላሽ (ኃይል ቢጠፋም የማይረሳ ማኅደር) ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ ይላክ፣ ሰርቨሩ መድረሱን እስኪያረጋግጥም አይሰረዝ። እያንዳንዱ ልኬት መለያ ቁጥር ከሌለው፣ ሁለቴ የተላከው ሁለት ልኬት ሆኖ ይመዘገባል። በኤስኤምኤስ ከላካችሁ በአማርኛ አንድ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፣ በላቲን 160፤ ስለዚህ አጭር ኮድ ላኩ፣ የታካሚ ስም በፍጹም አትላኩ። ሰዓቱም ያሳስታል፤ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) 6 ነው፣ ያንን 6 ያየ ሰው ደግሞ ቀትር ይመስለዋል። ውስጡ በዩቲሲ ይቀመጥ፣ ስክሪኑ ላይ ብቻ ወደ እኛ አቆጣጠር ይለወጥ። ቀኑን ስትለውጡም ጳጉሜን 6ን ሞክሩት።

ሳጥኑ በ70 በመቶ አልኮል ወይም በበረኪና ውኃ በየቀኑ ይወለወላል። አንዳንድ ፕላስቲክ፣ ፖሊካርቦኔት በተለይ፣ ብሎን የጠበቀበት ቦታ ላይ በአልኮል ይሰነጠቃል፤ ሳጥኑን በ3ዲ ፕሪንተር ከማሳተማችሁ በፊት የፕላስቲኩን ቁራጭ ጎንበስ አድርጋችሁ አስራችሁ በአልኮል እያረጠባችሁ ፈትኑ።

ሲያልቅ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስጧትና ዝም በሉ። ጣቷ የት ላይ እንደሚያመነታ ብቻ ጻፉ፤ ካስረዳችኋት ፈተናው ተበላሸ። ለዚህ ጓደኛችሁ ጣት ይበቃል። ታካሚ ላይ ግን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድ እንዳትሞክሩ፤ ለገበያ ካሰባችሁትም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚጠይቀውን ሰነድ ገና ንድፉን ስትጀምሩ እወቁት፤ የአደጋ ትንተናውን ኋላ ላይ አስታውሶ መጻፍ አይቻልም።